ለወንድሜ የቱን ልላክለት? የጌም ማሽን የአምስት ዓመት ሒሳብ

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ፣ ሻንጣው ውስጥም ቦታ ተገኝቷል። «ያቺን በእጅ የምትያዘዋን ላክልኝ» አለኝ። ስቲም ዴክን ማለቱ ነው፣ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሚሠራትን የጌም ማሽን። ፕሌይስቴሽን አይሻልህም ወይ ብለው ሳቀብኝ። «እሱ በየዓመቱ ያስከፍላል። ይቺ ኮምፒውተር ናት፣ ጌሙም ርካሽ ነው።»

ያለው ነገር ውሸት አይደለም። እኔም ሜሪላንድ ተቀምጬ የምጫወተው በዴክ ነው። ግን ለእኔ የረከሰው ለሱም ይረክሳል ወይ? ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። ዋጋዎቹ ሒሳቡን ስሠራ የነበሩት የ2025 የአሜሪካ ዋጋዎች ናቸው፣ ታክስ አልጨመርኩም፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስቲም ዴክ ኦሌድ (ስክሪኑ የተሻለው ሞዴል)፣ ባለ 512 ጊጋባይቱ፣ 549 ዶላር ነበር። ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 549.99። አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካው የጌም ማሽን) እያደር ይረክስ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ ትልቁ 599 ዶላር ነበር፣ በ2009 በ299 ይገዛ ነበር። ትዕግሥት ያለው ሰው ያተርፍ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ2020 በ499 ወጥቶ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ነሐሴ 2025 ላይ፣ 50 ዶላር ተጨመረበት። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨመረ። ያረጀ ዕቃ የሚወደድበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው። በፕሌይስቴሽን ሌላ ቤት ካለ ሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ፒኤስ ፕላስ የሚባለው የፕሌይስቴሽን ሠሪው የሶኒ ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ያስፈልጋል። ፎርትናይትን የመሰሉ ነፃ ጌሞች ብቻ ናቸው ከዚህ ነፃ የሆኑት። ትንሹ ጥቅል በ2023 ከ59.99 ወደ 79.99 ዶላር በዓመት ወጣ። በአምስት ዓመት 400 ዶላር፣ ሌላ ማሽን ሊገዛ ምንም አልቀረው! በፒሲ (በኮምፒውተር) በኩል፣ ዴክም እዚህ ውስጥ ነው፣ ይህ የመግቢያ ክፍያ የለም። ስቲም በተባለው የቫልቭ የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ደግሞ በሰኔ መጨረሻና በታኅሣሥ ትልልቅ ቅናሽ አለ፤ ዓመት ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው 60 ዶላር የወጣለትን ጌም በ20 እና በ30 ያገኘዋል። እኔ በሙሉ ዋጋ የገዛሁት ጌም ከአንድ እጄ ጣት አይበልጥም። ባቡር ላይ ብቻዬን እጫወታለሁ፣ አዲስ ነገር አያስቸኩለኝም። ለእንደኔ ዓይነቱ ዴክ በግልጽ ይረክሳል።

ወንድሜ ግን እኔ አይደለም።

እሱ የሚጫወተው ኳስ ነው። ከኳስም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ድሮ ፊፋ የምንለው። ይህ ጌም በስቲም ዴክ ላይ አይሠራም። ማጭበርበር የሚከላከለው የጌሙ ሠሪ የኢኤ ሶፍትዌር፣ ዴክ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጠቀምበትን ሊነክስ የተባለ ሲስተም አይቀበልም። ዊንዶውስ ያለው እንደ ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ያለ ማሽን ይሠራለታል፤ እሱ ግን ከ599.99 ይጀምር ነበር፣ ከፍ ያለው 999.99 ነበር። በዚያች የእጅ ማሽን ትንሽ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ኳስ መጫወት ደግሞ ስቃይ ነው። ቲቪ ላይ ልሰካው ካለ ዶክ የሚባል ማገናኛ ያስፈልጋል፣ የቫልቭ ዶክ 79 ዶላር። ሁለት ጆይስቲክ ሲጨመር ከ200 ያላነሰ ተደመረ። ቲቪ ሥር የተቀመጠ «የእጅ ማሽን» ደግሞ ኮንሶል ካልሆነ ምንድነው?

አሁን ያ የሚፈራውን 400 ዶላር እንየው። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ለዚህ ፒኤስ ፕላስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ጆይስቲክ ነው፣ 75 ዶላር። ከሒሳቡ ላይ ትልቁ ቁጥር እንዲሁ ተሰረዘ።

ኦንላይን ካልተጫወትኩ ቢል ግን ችግሩ ከዋጋው ይብሳል። የሶኒ ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልጆቹ የአሜሪካ አካውንት ከፍተው በአሜሪካ ጊፍት ካርድ ይሞላሉ። ካርዱን ማን ይገዛል? እዚህ ያለ ዘመድ፣ ማለትም እኔ። ካገር ቤት ይግዛ እንዳይባል፣ ብር በሐምሌ 2024 ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ሰው ሲልክ አያስበውም። ስጦታው አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ክፍያው በየዓመቱ በዋትሳፕ ይመጣል። በነገራችን ላይ ስቲምም ከዚህ አያድነኝም፤ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው በቅናሹ ሰሞን የሚደውለው ወዴት እንደሆነ ይታወቃል።

ስለዚህ ዲስክ ወሳኝ ነው። ዲስክ የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 በ50 ዶላር ያንስ ነበር፣ 499.99። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የሚገዛው ይህን ነው። የዲስክ ማጫወቻው በኋላ ለብቻው ሲገዛ 79.99 ነው። ዲስክ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ተጫውተው ሲጠግቡት ይሸጣል። ያምናው ኳስ ዲስክ አዲሱ በወጣ ማግሥት ዋጋው ይወድቃል። አንዳንዱ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ያንን ሁሉ በዳታ ማውረድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ዲስኩ ማሻሻያውን ባያስቀርም አብዛኛውን ሸክም ያቀልላል። ዴክ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይወርዳል።

አንድ ነገር ላይ ወንድሜ አሸነፈኝ፦ መብራት። ዴክ በባትሪው ከባድ ጌም ቢሆን እንኳ ሦስት ሰዓት ያህል ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን 5 ጌም ላይ ወደ 200 ዋት ይበላል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያስቀጥል ባትሪ) ቢገዛ ሴቭ አድርጎ ለመውጣት ይበቃዋል እንጂ ጨዋታውን አያስጨርሰውም። መከራከሪያ አጣሁ።

ሆኖም ባለ ዲስኩን ፕሌይስቴሽን፣ ሁለተኛ ጆይስቲክና ያምናውን የኳስ ዲስክ ላኩለት። ከ650 ዶላር አለፍ ይላል። ሲደርሰው ደስ ብሎት ደወለ፣ መረቀኝም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ መልእክት ላከ፦ «ያ ጊፍት ካርድ ስንት ነበር ያልከው?»