ግንብ የሚሰብር ግብር

መድፍ ያልደፈረውን የባላባት በር የግብር ወረቀት ሲከፍተው ማየት የፈለገ ወደ ዙትፈን ይሂድ። ዙትፈን በምሥራቅ ሆላንድ፣ ቤርክል የምትባል ትንሽ ወንዝ ከትልቁ አይስል ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን ሃንዛ በተባለው የነጋዴ ከተሞች ማኅበር ውስጥ ገብታ ደኅና ሀብት አፍርታለች። ነጋዴ ደግሞ የትም አገር ያው ነው፤ ገንዘብ ሲይዝ መጀመሪያ ያጥራል።

የዙትፈኖች አጥር ግን ለጉድ ነው። ወንዟ እንኳን ወደ ከተማው የምትገባው በበር ነበር፤ ቤርክልፖርት የሚሉት፣ ውሃው ላይ ተንፈራጦ የቆመ የጡብ በር ቅሪቱ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ድሮኸናፕ የሚባለው ረጅም ግንብ ይታያል። ይህን ግንብ እ.ኤ.አ. ከ1444 እስከ 1446 ደክመው የከተማ በር አድርገው ሠሩት፤ በ1465 ደግሞ በሩን ደፈኑት። ሃያ ዓመት እንኳ አልገቡበትም። አስፋልት አንጥፎ በማግሥቱ ለቧንቧ የሚቆፍር መሥሪያ ቤት ያለን እኛ ብቻ እንመስል ነበር! ጭራሽ ስሙ የተወሰደው ገንዘቡን ካወጡት ነጋዴዎች ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያ ይኖር ከነበረ የከተማው ጥሩንባ ነፊ ነው። ሀብታም ይገነባል፣ አዝማሪ ይወርሳል።

እነዚህን ሁሉ ያየሁት ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷት «ምን ያሳዩኛል ብዬ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት» ማለት ስትጀምር፣ ሆላንዳዊው ጎረቤቴ ከፊቱ የልጆች ማጓጓዣ ሣጥን ያለውን ብስክሌቱን አዋሰኝ። አክስቴም ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሣጥኑ ውስጥ ትራስ ተደላድሎላት፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ገባች። እኔ ከኋላ እነዳለሁ፣ እሷ ከፊት ትባርካለች። የዙትፈን ሰው ሲያልፍ ያላያት መስሎ ያያት ነበር፤ ሆላንዶች በዚህ ጨዋ ናቸው።

(ውቅያኖስ አልተሻገረችም፤ ግን ይህን ለአክስት አይነግሯትም።)

ጎረቤቴ የታሪክ ፍቅር አለውና አብሮን ነድቶ፣ በየድንጋዩ ሥር እየቆመ ሲያስረዳ ዋለ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። የ1591ን ታሪክ ሲያወራ ግን አክስቴ ከሣጥኑ ብድግ አለች። ያኔ ከተማዋ በስፔኖች እጅ ነበረች፤ ከወንዙ ማዶም አንድ ጠንካራ ምሽግ ነበራቸው። ለሆላንዶች የሚዋጋው እንግሊዛዊው አዛዥ ፍራንሲስ ቪር ጎበዝ ጎበዝ ወታደሮችን መረጠና አብዛኞቹን የአካባቢውን የገበሬ ሴቶች ልብስ አለበሳቸው፤ ቅርጫትና ሸክም አስያዛቸው፤ ከልብሳቸው ሥር ሽጉጥና ጩቤ አስደበቃቸው። እነዚህ «ሴቶች» ገበያ የሚሄዱ መስለው፣ የሆላንድ ፈረሰኛ የሚያባርራቸው መስለው፣ ወደ ምሽጉ በር ሲሸሹ ዘበኛው አዝኖ አስጠጋቸው። ምሽጉ ተያዘ። ከተማዋም ብዙ ቀን ሳትቆይ እጅ ሰጠች።

«ጢማቸውስ?» አልኩ እኔ፣ ማስተርጎሜን ረስቼ።

«አንተ ደግሞ» አለች አክስቴ፣ «ቅርጫት የተሸከመች ሴት ፊት ማን አይቶ ያውቃል!»

ይህን ስተረጉምለት ጎረቤቴ ዝም አለ። ከዚያ የኪስ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው።

የቀረውን ቅጥር ያፈረሰው ግን ጠላት አይደለም። በ1874 መንግሥት በሕግ «እነዚህ ምሽጎች ለዘመኑ ጦርነት አይጠቅሙም» ብሎ ሲለቃቸው፣ ከተሞቹ ራሳቸው ናቸው ዶማ ይዘው የተሽቀዳደሙት። ቅጥሩን ናዱት፣ ቦታውን መንገድና መናፈሻ አደረጉት። ሳይናድ ያመለጠችውን ቁራጭ ግድግዳ ደግሞ ዛሬ እንደ ጽላት ይጠብቋታል፤ አረም ይነቅሉላታል፣ ማታ መብራት ያበሩላታል።

ቫልቡርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ አልቆየንም፤ ጥፋቱ የአስጎብኚዋ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ፣ ከ1561 እስከ 1564 የተሠራ ሊብሬየ የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለ። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ ከማንበቢያው ጠረጴዛ ጋር በብረት ሰንሰለት ታስረዋል። መጽሐፍ አውሶ ያልተመለሰለት ሰው ሁሉ እዚያ ገብቶ ቢያይ እንባው ይመጣል። አስጎብኚዋ ግን ሰንሰለቱን ትታ ወለሉን አሳየችን፤ ሸክላው ላይ የውሻ የሚመስል ዳና አለ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አንድ መነኩሴ በጾም ወራት እዚህ ተቀምጦ ዶሮ ሲበላ ሰይጣን መጣበት፤ ዳናው የእሱ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። «በጾም ዶሮ? መነኩሴ? ሰይጣኑ ምን አጠፋ ታዲያ!» አለችና ወደ ብስክሌቷ ወጣች። ሸክላው ሳይደርቅ የረገጠው ተራ ውሻ ሊሆን እንደሚችል ልነግራት ሞክሬ ነበር። «ውሻማ ቢሆን አጥንቱን ይወስድ ነበር» ብላ ዘጋችኝ።

ከዙትፈን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ፎርደን የምትባል መንደር አለች። በዙሪያዋ ስምንት የባላባት ግንቦች ተሰብስበዋል፤ ሃክፎርት፣ ቪልደንቦርኽ፣ ደ ቪርሰ እያሉ ይቆጥሯቸዋል፣ በብስክሌትም ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። በመንደሯ ስም የሚጠራው የፎርደን ግንብ ዙሪያውን በውሃ ቦይ የተከበበ፣ በድልድይ ብቻ የሚገባበት ነው። ይህ ግንብ ታዲያ ለብዙ ዓመታት ምን ሆኖ አገለገለ? ማዘጋጃ ቤት! እዚህ ላይ እኔ ራሴ ብስክሌቱን አቁሜ አደነቅሁ። የአገሬ ማዘጋጃ ቤቶች ባለጉዳይን ለማራቅ ስንት ደክመዋል፤ ዘበኛ አቁመዋል፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብለዋል፣ «ነገ ተመለስ» ብለዋል። ቦይ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ግን ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

ወደ ርስቶቹ ስንዘልቅ የአክስቴ ግራ መጋባት ጀመረ። ጫካው የባላባት ነው፤ መንገዱ የባላባት ነው፤ ሰው ግን ውሻውን በማሰሪያ ይዞ፣ ጋሪ እየገፋ፣ ሳንድዊች እየበላ ይመላለስበታል። ባላባቱ አይቆጣም። «ሰውየው ሞቷል እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጎረቤቴ አስረዳ። በ1928 የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ የተፈጥሮ ውበትን ለመጠበቅ የወጣ ነው። ቢያንስ አምስት ሄክታር ያለው ርስት፣ ዛፉን ሳይጨርስ ከጠበቀ የውርስ ግብሩ ይቃለልለታል፤ በሩን ለሕዝብ ከከፈተ ደግሞ ጨርሶ ይቀርለታል። በ25 ዓመት ውስጥ ሸንሽኖ ቢሸጠው ግን ግብሩ ዞሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አባቱ ሲሞት የሆላንድ ባላባት ሁለት ነገር ይወርሳል፦ ግንቡን እና እኛን።

አክስቴ ይህን ሰምታ ረጅም ጊዜ አሰበች። እሷ መሬት በአዋጅ ሲወረስ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ኮረዳ ነበረች፤ ያን ሰሞን የሰፈራቸው ባላባት በሌሊት ጠፋ ሲባል ሰምታለች። «እኛ ባላባቱን ከመሬቱ አባረርነው» አለች በመጨረሻ። «እነዚህ ግን ተንኮለኞች ናቸው። እዚያው አስቀምጠው ጫካውን ያስጠብቁታል፣ ጣሪያውን ያስጠግኑታል፣ እኛን ያስጎበኙታል!»

እውነትም ኑሯቸው አያስቀናም። የግንብ ጣሪያ ሲያፈስ በባልዲ አይያዝም። አንዱ የአትክልት ቦታውን በተወሰኑ ቀናት በትኬት ያስጎበኛል፣ አንዱ ለሠርግ አዳራሽ ያከራያል፤ ሃክፎርትማ ጨርሶ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ንብረት ሆኗል። የእኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያይም። ሆላንድ የሚኖር አበሻ ግንብ ሲያይ የሚያየው የፎቶ ጀርባ ነው። እኔም ከዚህ አልወጣሁም፤ አክስቴን ከሣጥኑ አወረድኳት፣ ነጠላዋን አስተካከልኩ፣ ብስክሌቱን ከካሜራው ዓይን አራቅሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቦዩንና ድልድዩን ከኋላዋ አስቀምጣ፣ ገበሬ የምትቆጣጠር እመቤት መስላ ቆመች። ፎቶው ወዲያው በቴሌግራም ደብረ ብርሃን ገባ።

ሻይ ሳንጨርስ ስልኩ መጣ። የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሰላምታው ብቻ አሥር ደቂቃ ወሰደ፤ እንዲህ ዓይነት ሰላምታ መጨረሻው ልመና እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ፎቶውን አየነው፤ ግሩም ነው፣ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። እንዲያው ይህ ሁሉ ቤት ለሁለት ሰው... ትንሹ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። አንድ ባዶ ክፍል አይጠፋም ብዬ ነው።»

አክስቴ ሜዳው መግቢያ ላይ ያለውን፣ ጠዋት ያስተረጎመችኝን ሰሌዳ አየት አደረገች።

«ክፍሉስ ሞልቷል፣ ልጄ» አለችው። «ፀሐይ ስትጠልቅ ያስወጡናል እንጂ።»