ኤክስ ማለት አዎ የሆነበት አገር

ፍራንክፈርት በገባሁ በዓመቱ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ጥርሳቸውን ክፉኛ አመማቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች "እባክህ አንተ ውሰድልኝ" አለችኝ። ወሰድኳቸው። እማማ ጉንጫቸውን በነጠላቸው ደግፈው ተቀመጡ። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ገጽ ፎርም ሰጠችኝ።

ፎርሙ የበሽታ ዝርዝር ነው። ልብ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ጉበት፣ ኤች አይ ቪ፣ እርግዝና ሳይቀር። ከእያንዳንዱ ፊት ትንሽ ሳጥን አለች። ከላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ተጽፏል። ጀርመንኛዬ ገና ነበርና ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን ደገንኩበት። "የሚመለከትዎት ላይ ምልክት ያድርጉ" ብሎ ተረጎመልኝ። ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። እስክሪብቶ ይዤ እማማን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

"ስኳር አለብዎት?"

"የለብኝም፣ ተመስገን።"

ኤክስ።

"አስምስ?"

"ኧረ የለብኝም።"

ኤክስ።

"ግፊት?"

"እሷ እንኳ አለች።"

ራይት።

እርግዝናውን ሳልጠይቃቸው ኤክስ አደረግኩት። ያኔ 70 ዓመት አልፏቸው ነበር። ሁለቱንም ገጽ አንድም ሳጥን ሳልዘል ሞልቼ መለስኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። ሰው በሞላበት ክፍል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠይቀኝ ጀመር። እማማ ጀርመንኛ አይሰሙም። ከዚያ ሁሉ ቃል ግን አንዲቷን ለዩዋት። ኤድስ። ነጠላውን ከጉንጫቸው አውርደው ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ብለህ ጻፍክብኝ ልጄ?"

ይህን ስጽፍ እንኳ ፊታቸው አይኔ ላይ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከብረው የኖሩ ሴት ናቸው። ያ ቃል በኛ ሰፈር ምን ያህል ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንት ሰው ከዕድር እንዳራቀ የምታውቁት ነው።

ነገሩ የገባኝ ልጅቷ የትእዛዙን መስመር በጣቷ ስታሳየኝ ነው። አንክሮይትሰን ይላል። ክሮይትስ ማለት መስቀል ነው። የሚመለከትህ ላይ መስቀል አድርግ ማለቱ ነበር። ስልኬ መስቀሏን ትቶ "ምልክት" ብሎ አለፋት። እዚህ አገር ሳጥን ውስጥ ያለ ኤክስ አዎ ነው። "ራይቱስ?" አልኳት። "እሱም አዎ ነው" አለችኝ። የማይመለከትህን ባዶ ትተዋለህ። ስለዚህ እማማ በወረቀቱ መሠረት የልብ፣ የጉበት፣ የስኳርና የአስም ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚጥል በሽታም አለባቸው። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር።

ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ፎርም ስጪኝ ብዬ ለመንኩ። ሐኪሙ ወጥቶ አንዴ ይህ ሁሉ ከተጻፈ ከቤተሰብ ሐኪማቸው ወረቀት ሳያመጡ ጥርስ አልነቅልም አለ። ቀኑ አርብ ከሰዓት ነው። ወረቀቱ የተገኘው ሰኞ ነው። እማማ ሦስት ሌሊት በማስታገሻ አደሩ።

ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልክድም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። 70 ዓመት ያለፋቸው ሴት ነፍሰ ጡር ናቸው የሚል ወረቀት በእጇ ይዛ፣ ይሄ ነገር የተሳሳተ ይሆን እንዴ ብላ ያሰበች የለችም። እማማ ፊቷ ተቀምጠዋል። ቀና ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። ወረቀቱ ከሰው በላይ ታመነ።

አገር ቤት ካርድ ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚያቆም እናውቃለን። ሐኪሙ ጋ ስትገባ ሌላ ታማሚ አብሮህ ተቀምጦ ሊሰማ ይችላል። ይሄ ደስ አይልም። ግን ሐኪሙ በአፉ ይጠይቅሃል። "ግፊት አለብዎት? ስኳርስ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ይልሃል። አንተም በአፍህ ትመልሳለህ። የአፍ አዎ ከአይደለም ጋር አይምታታም።

ኤክስን ማን እንዳስተማረኝ አውቃለሁ። ሁላችንም የተማርንበት ቀይ እስክሪብቶ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ ግን ደብተሬን ኩራዝ አጠገብ ዘርግታ ታየው ነበር። ሒሳቡን አትለየውም፤ የመምህሩን ምልክት ትለያለች። በጣቷ እየተከተለች "ይሄ ክንፉን የዘረጋው ደህና ነው። ይሄ የተቆላለፈው ምን አጥፍተህ ነው?" ትለኛለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። በሁለት ምልክት ብቻ ትምህርቴን ተቆጣጥራ አሳደገችኝ። በልጅነቱ እንዲህ የተማረ እጅ ፍራንክፈርት ስለገባ ብቻ አይለወጥም።

ደግሞ ኤክስ ለኛ የትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ይፈርሳል በተባለ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ሲቀባ ያየ ሰው ያውቀዋል። መስቀል ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እማማ ዳቦ ሲደፉ ሊጡ ላይ በእጃቸው የሚያደርጉት፣ ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት ነው። መስቀል ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ያንን የተጋደመውን መስቀል በሉ ብትሏቸው እሺ አይሉም።

ጓደኞቼን ስጠይቅ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አወቅኩ። ስቶክሆልም ያለ ወዳጄ የልጁን የሒሳብ ፈተና አይቶ ራይቶቹን ቆጥሮ አቅፎ ሳመው። ልጁ ግን አቀርቅሯል። ስዊድን ውስጥ መምህር ራይት የሚያደርገው ስህተቱ ላይ ነው። ለትክክሉ አር የምትለዋን ፊደል ይጽፋል። ፊንላንድም ራይት ስህተት ነው። እናቴ እዚያ ብታሳድገኝ ኖሮ ጎበዝ በሆንኩ ቁጥር ልትቆጣኝ ነው።

ጃፓኖች ይሻላሉ፤ ኤክስን እንደኛ ነው የሚያዩት። እነሱ ጋ ክብ ትክክል ነው፣ ኤክስ ስህተት። በ1994 የወጣው የሶኒ ፕሌይስቴሽን መጫወቻ ላይ ሁለቱም የሚጫኑ ቁልፎች ሆነው ተሠርተውበታል። ጃፓን ውስጥ ክቡ እሺ፣ ኤክሱ ተመለስ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ ሲሸጥ ገለበጡት። በ2020 አምስተኛው ሲወጣ ደግሞ ጃፓኖቹም በኤክስ እሺ እንዲሉ ተደረገ። ይሄን ሳነብ ከልቤ አዘንኩላቸው። ምልክቱን የፈጠሩት እነሱ፣ እጃቸውን እንዲያስተካክሉ የተገደዱትም እነሱ።

ጀርመኖቹ ራሳቸው ከኤክስ ጋር ያላቸው ነገር ይገርማል። ሮንትገን በ1895 ቩርትስቡርግ ከተማ ያንን ጨረር ሲያገኝ ምንነቱ ስላልታወቀ ኤክስ ብሎ ሰየመው። ዓለም ኤክስሬይ ይለዋል። እነሱ ግን በሰውየው ስም ሮንትገን ይላሉ። እኛ ደግሞ ከጣሊያን የቀረችውን ቃል ይዘን ራጅ እንነሳለን። ሰኞ ዕለት "ሮንትገን ያስፈልጋል" ሲሉን እማማ ምን አዲስ በሽታ መጣ ብለው ነበር። "ራጅ ነው" ስላቸው "እንዲያ አትለኝም?" አሉና ተነሱ።

ሁሉም ምልክታቸው ያናድዳል ማለቴ አይደለም። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ የተሰጣቸው የመድኃኒት ካርቶን ላይ 1-0-1 ተጽፎ ነበር። ጠዋት አንድ፣ ቀን ምንም፣ ማታ አንድ ማለት ነው። አንዴ አስረዳኋቸው፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አይጠይቁም። ቋንቋ የማይችሉ ሴት ካርቶን አይተው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ይሄን ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ። የኛም ፋርማሲዎች ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። 1-0-1ን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስረድቶኛል፤ እኔም ለእማማ አስረድቻለሁ። ኤክሱን ግን ሁሉም ያውቀዋል ብለው ነው የሚሰጡህ። ምልክት ቋንቋ አያስፈልገውም ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያስፈልገዋል እንጂ! አሁን በአማርኛና በትግርኛ የተተረጎሙ ፎርሞች አንዳንድ ቦታ አያለሁ። በሽታው ሁሉ ተተርጉሞ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን "ምልክት ያድርጉ" ብቻ። ልክ እንደ ስልኬ። "ካለብዎት ኤክስ ያድርጉ፣ ከሌለብዎት ባዶ ይተዉት" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል?

ዜግነት ካገኘሁ በኋላ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ ድምፅ ሰጠሁ። ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ነው፤ ግራው በጥቁር፣ ቀኙ በሰማያዊ የታተመ። በየዓምዱ አንድ ክብ ውስጥ ኤክስ ታደርጋለህ። ከስንት ዓመት በኋላም እጄ ቆመ። የመረጥኩትን ሰው የሰረዝኩት መሰለኝ። አድርጌው ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን ከማጠፌ በፊት ሦስት ጊዜ አየሁት።

እማማን አሁንም ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ለዓይናቸው ሄድን። ያው ፎርም መጣ። እስክሪብቶዬን ሳወጣ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"መስቀለኛዋ አዎ ናት፣ አይደል?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያው ግፊቷ ላይ ብቻ አድርጋት። ሌላውን እንዳትነካው።"