ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን፦ ለሶስት አመት ኮንትራት መጥተው ስልሳ አመት የቆዩት ሀኪም

መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን ሲያርፉ ሀገሩ ሌላ ወሬ ላይ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ከተባለ ገና አምስት ቀኑ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሰዉ ሳኒታይዘር ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል፣ በዛ ሁሉ ግርግር መሀል የ96 አመት ባለጸጋዋ ሀኪም አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ አረፉ የሚለው ዜና አንድ ሁለት ቀን ታየና አለፈ። ነፍስ ይማር፣ የሻማ ፎቶ፣ በቃ። ከዛ ወዲህ ስማቸው ሲነሳ የሚባለው ያው ነው፦ ቅድስት ናቸው፣ መልአክ ናቸው። ሌላው ወገን ደግሞ ኮመንት ስር ገብቶ «አሁንም ፈረንጅ አዳነን ልትሉ ነው?» ይላል። ለኔ ሁለቱም ወገን ሴትየዋ የሰሩትን ስራ አላየውም። ስራቸው ፊስቱላ ማከም ነበር፣ በከባድ ምጥ የተነሳ የሚፈጠርና ሽንት ያለማቋረጥ የሚያስፈስ ቀዳዳ።

እስኪ ከአመጣጣቸው እንነሳ። ሲድኒ ተወልደው እዛው ህክምና የተማሩ የማህጸንና ጽንስ ሀኪም ናቸው፣ ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊንም የኒውዚላንድ ሰው፣ ሙያቸውም አንድ አይነት። እ.ኤ.አ. በ1959 ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ የገቡት ራዕይ ታይቷቸው ምናምን አይደለም፣ የኢትዮጵያ መንግስት ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ያወጣውን የስራ ማስታወቂያ አይተው ነው። ቫካንሲ። ስራውም ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ማቋቋም፣ ኮንትራቱ ሶስት አመት። እምነታቸው ጥብቅ እንደነበር ይታወቃል፣ እሱን አልክድም፣ ግን የተቀጠሩት አዋላጅ ሊያስተምሩ እንደነበር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ ሲደርሱ ያጋጠማቸው ከዛ በፊት አይተውት የማያውቁት በሽታ ነው። ፊስቱላ ሀብታሞቹ ሀገራት ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል፣ ኦፕሬሽን የሚያደርግ ሀኪም ባለበት ቦታ ምጥ ሲጠና ሆድ ተከፍቶ ልጁ ይወጣላ። ሀኪም በሌለበት ግን ልጅቷ ሁለት ቀን፣ ሶስት ቀን፣ ከዛም በላይ ታምጣለች፣ የህጻኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፣ ደም ያልደረሰው ስጋ ይሞትና ይበሳል። አብዛኛውን ጊዜ ህጻኑም ይሞታል። ከዛ በኋላ ሽንቱ ቀን የለው ሌሊት የለው ዝም ብሎ ይፈሳል። ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይርቃል፣ አውቶብስ ላይ ስትሳፈር ሸተተች ተብላ ትወርዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ሽንቱ እንዲቀንስላቸው ብለው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይብሳል፣ ቆዳቸውን ይልጠዋል፣ ጠጠርም ይሰራል። አንዳንዷ ጓዳ ውስጥ ለአመታት ተኮራምታ ከመተኛቷ የተነሳ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላል፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት እግሯን የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋታል። ኦፕሬሽን ከሆነች በኋላ ደግሞ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ተደርጎላት ሁለት ሳምንት ያህል ስትተኛ ዋናው ትእዛዝ ጠጪ፣ ጠጪ፣ ጠጪ ነው። ለአመታት ውሃ የሸሸች ሴት ብርጭቆ ጨርሳ ሌላ ሲቀዳላት። ሲድኑ ለመሳፈሪያ ገንዘብና አዲስ ቀሚስ ይሰጣቸዋል፣ ህክምናው በነጻ።

ባልና ሚስቱ ይሄን ኦፕሬሽን ከመጽሐፍና ከሌሎች ሀገራት ሀኪሞች ልምድ እያጠኑ፣ እያሻሻሉ ነው የተካኑት። ታማሚው ሲበዛ የራሳቸውን ሆስፒታል ወንዝ ዳር አቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. 1974። አመቱን ልብ በሉ፣ ንጉሡ የወረዱበት አመት። አብዮት፣ ቀይ ሽብር፣ ጦርነት፣ ያኔ ስንት የውጭ ዜጋ ሻንጣውን አንስቶ ሲወጣ እነሱ ቀሩ። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉም ዶ/ር ካትሪን ሲድኒ ገብተው ጡረታ ሊወጡ ይችሉ ነበር፣ ማንም አይወቅሳቸውም። ግን እድሜያቸው ዘጠናዎቹ ውስጥ ገብቶም ኦፕሬሽን ያደርጉ ነበር። ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረር፣ መቱ ላይ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፣ የታከሙት ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በላይ ነው። መንግስትም እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዜግነት ሰጣቸው።

አሁን «ፈረንጅ አዳነን» ለሚለው ወገን። ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼን ታውቃላችሁ? በአስራዎቹ እድሜ፣ ለቀናት አምጣ ልጇን አጥታ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሐምሊኖች የመጣች ልጅ ነበረች። ከህክምናው በኋላ እዛው ቀረች፣ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ ከዛ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ እቃ ማቀበል፣ ከዛ መያዝ፣ ከዛ መስፋት። ማንበብና መጻፍ ሳትችል የፊስቱላ ቀዶ ህክምና ባለሙያ ሆነች፣ ዲግሪ ያላቸው ሀኪሞች ከእሳቸው እጅ ተምረዋል (አዎ፣ ከዚህ በኋላ ወ/ሮ ማሚቱን «እሷ» ማለት ይቅር፣ እሳቸው ነው የሚባለው)። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር የእንግሊዙ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ሜዳልያ ተሸልመዋል። ዶ/ር ሐምሊን አዳኝ ሆነው ብቻቸውን መቆም ቢፈልጉ ታማሚያቸውን ቢላ አያስይዙም ነበር።

በኔ እምነት ትልቁ ስራቸው ደግሞ ኦፕሬሽኑም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነው። ከገጠር ተማሪ እየተመረጠ ይገባል፣ ይማራል፣ ተመርቆ ወደ መጣበት አካባቢ ይመለሳል። ሴትየዋ በ1959 የተቀጠሩበትን ስራ ከ48 አመት በኋላ በራሳቸው ጊዜ ሰሩት ማለት ነው። ለምን? ቀዳዳ ሲሰፋ ቢኖር እንደማያልቅ ስለገባቸው ነዋ። ምጥ እንደጠናባት አይታ በሰአቱ ሪፈር የምትጽፍ አዋላጅ ካለች፣ አምቡላንሱም ከመጣ፣ ፊስቱላው ከነጭራሹ አይፈጠርም።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ሀገር ጥሎ የሄደ ሀኪም ወይ ነርስ ሲታይ የሳቸውን ስም እንደ ዱላ የሚያነሱ ሰዎች አሉ፣ «እሷ አውስትራሊያን ትታ መጣች፣ አንተ ትሄዳለህ» እያሉ። ይሄ ፌር አይደለም። ዶ/ር ሐምሊን መስዋዕትነት ከፍለዋል፣ ግን ቤት ነበራቸው፣ ከአውስትራሊያ እስከ አሜሪካ ገንዘብ የሚያሰባስብላቸው ደጋፊም ነበራቸው። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ የሚሰራ ሀኪም) ላይ የሳቸውን ፎቶ መለጠፍ ለማንም አይጠቅምም።

የሚጠቅመው ሌላ ነው። አንድ ሴት ፊስቱላ ይዛ ሆስፒታል ደረሰች ማለት የሆነ ወረዳ ውስጥ አንድ ነገር አልሰራም ማለት ነው፦ መንገዱ፣ አምቡላንሱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወይ በልጅነቷ የዳራት ቤተሰብ። ስሟ ሳይነካ የመጣችበት ወረዳና ያጣችው ነገር ይመዝገብ፣ የጤና ሚኒስቴርም በየአመቱ ወረዳ በወረዳ በአደባባይ ያውጣው። አለም አቀፉ የፊስቱላ ቀን በየአመቱ ሜይ 23 ይከበራል፣ ሪፖርቱ የዛን ቀን ይውጣ፣ የወረዳው ጤና ጽህፈት ቤት ኃላፊም ቀርቦ ለምን እንደሆነ ይመልስ።