በሽታው ያደርሰናል

የነዳጁ ቀይ መብራት ስለበራ ብቻ ወደ ማደያ የሚታጠፍ ሹፌር በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ምን ክብር አለው? የሚከበረውስ ጌጁን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይህ ልማዱ ነው» የሚለው ነው። ባለፈው ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስሄድ እንዲህ ያለ ጀግና ገጠመኝ። ከጎኔ አዲስ ብርድ ልብስ ታቅፈው የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ነዳጁ ይበቃሃል?» አሉት።

«አይዞዎት እማማ፣ ቢያልቅም በሽታው ያደርሰናል።»

«የምን በሽታ?» አሉ ደንግጠው።

ሽታውን ማለቱ ነበር። እማማ የሰሙት ግን ይበልጥ ልክ ነው።

ቅር የሚለኝ ጥበቡ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች በሰማይ ላይ ተክነውበታል። የአገሩ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 በነዳጅ አያያዝ ጉድለት በዓመት በአማካይ ከ50 በላይ አደጋዎች ደርሰዋል። 56 በመቶው ነዳጁ ሙልጭ ብሎ በማለቁ ነው። 35 በመቶው ግን ከዚያም ይረቃል፤ ነዳጁ አውሮፕላኑ ላይ እያለ ሞተሩ በጥም ቆመ። አንዱ ክንፍ ውስጥ ያለው ታንክ ሲደርቅ ማዞሪያውን ወደ ሌላው መመለስ የረሳ አብራሪ፣ እንስራ ሙሉ ውሃ ተሸክሞ በጥም ከሚወድቅ መንገደኛ በምን ይለያል? አደጋው ከደረሰባቸው አብራሪዎች መካከል ተማሪዎቹማ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ምስኪኖች፣ ገና ዘንግ ታንኩ ውስጥ ነክረው ይለካሉ! ግማሽ ያህሉ በሙያው እንጀራ ለመብላት የሚያበቃ ፈቃድ የያዙ ሊቃውንት ናቸው።

ሕጋቸው ግን ፈሪ ነው። በዓይኑ እያየ የሚበር ሰው ከመድረሻው አልፎ በቀን የ30፣ በሌሊት የ45 ደቂቃ ነዳጅ ይያዝ ይላል። መንዜው አያቴም እንዲሁ ፈሪ ነበሩ፤ ለሦስት ቀን መንገድ የአምስት ቀን በሶ ይቋጥራሉ፣ የተረፈውን ይዘው ሲመለሱም አያፍሩም።

የእኛ ጀግና ስሌት አጭር ናት። መኪናዋ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ከገፋች፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መንቆርቆር። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል ብሎ የሚያነሳ ተሳፋሪ ቢገኝ ሟርተኛ ይባላል። እኔም ሟርተኛ ላለመባል ዝም አልኩ።

ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ገብተን መሃል ስንደርስ መኪናዋ ሁለቴ አሳላትና ጸጥ አለች። ከኋላችን ከባድ መኪናዎች ጡሩምባቸውን ያንባርቁብን ጀመር። ረዳቱ ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ጉም ወዳፈነው መውጫ ሮጠ። (አብራሪው ረዳቱን ወዴት እንደሚልክ እንጃ።) እማማ አዲሱን ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አውጥተው ተከናነቡ። ጀግናችን ጨለማው ውስጥ ጌጁን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል።