ቱንቢ የያዘች ሚስት

ግንቦት ላይ የሴቶች ዕድራችን ተሰበሰበና «ክረምት ሳይገባ የእማማን ቤት እንሥራ» አለ። እማማ የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው በ1967ቱ አዋጅ የመንግሥት የሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በጸሎት የቆመ የጨርቆስ ጭቃ ቤት ነው። ለኮንዶሚኒየም በ1997 ተመዝግበዋል። በ2005 እንደገና ተመዝግበዋል። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ጣራው በማያፈስበት ጥግ ሰቅለዋቸዋል። እንዲህ ያለ ጥግ ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው።

እኛ ባሎች ሐሳቡን በደስታ ተቀበልን። ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ፣ እኛ ደግሞ እንቆጣጠራለን ብለን ነው። መሐል ላይ ማን እንደሚሠራ አላሰብንበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችኋል? በባሬላ አሸዋ ከሚያመላልሱት ስንቶቹ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ናቸው? እጁን ኪሱ ከትቶ «ፍጠኚ!» የሚለውስ ማነው? ይኸው ነው። ኮንዶሚኒየም 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ይባል የለ? የእማማ ቤት 10/90 ሆነ። ዘጠናውን ሴቶቹ ሠሩ፣ አሥሩን እኛ አማከርን።

የመጀመሪያው ጠብ በድስት ተነሣ። ለጭቃው ውሃ ማጠራቀሚያ የወንዶቹ ዕድር ትልልቅ ድስቶች ተፈለጉ። ንብረት ያዡ በሩ ላይ ቆሙ። «ሰው ሳይሞት የዕድር ድስት አይወጣም!» ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው አንቀጽ ጠቀሱ። እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ተወው ልጄ፤ ቤቱ ሲናድብኝ ያው ማውጣትህ አይቀርም።»

ድስቶቹ ወጡ።

ቀጥሎ ጭቃው መጣ። እኛ ወንዶቹ «ዛሬውኑ ይመረግ» ብለን ወሰንን። ሴቶቹ ሳቁ። ለካ ጭዱ ከአፈሩ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ለቀናት ካልተብላላ፣ ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል።

«ዛሬ ያቦካኸውን ሊጥ ዛሬ ጋግረህ ታውቃለህ?» አለችኝ ባለቤቴ።

እኔ ሊጥ አቡክቼም አላውቅ። ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ከላይ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። መጡ። ባነር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታደለ። አንድ አካፋ ለስምንት ሰው ይዘን ፎቶ ተነሣን። እኔም እጀታው ላይ የአንድ ጣት ቦታ አግኝቻለሁ። ሴቶቹ ፎቶው ላይ የሉም። ጣራ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ እየመቱ ነበር።

ቤቱ አለቀ። የኔ ጣጣ ግን ገና መጀመሩ ነው። ባለቤቴ ሥራው ላይ ቱንቢ መጣል ተምራለች። ቱንቢ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምታሳይ፣ ክር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ብረት ናት። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

እኛ ቤት ደግሞ መኝታውን ከሳሎን የሚለይ ግድግዳ አለ። እንደተጋባን ሰሞን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎበኘዋለሁ። በሩ ብቻውን እየተከፈተ ያስቸግራል እንጂ ሌላ እንከን የለውም። «ነፋስ ነው» እላት ነበር።

ማታ ገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ክሩን ከላይ ለቀቀችው። ብረቷ ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘች፣ ቆመች። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቷል፤ ከታች አራት ጣት ርቋል። ባለቤቴ አራቱን ጣቷን ክፍተቱ ውስጥ ከትታ አሳየችኝ።

«ይሄ ነው ነፋሱ?»

አሁን ሰፈሩ ውስጥ ባሎች ስትመጣ ሲያዩ በር ይዘጋሉ። ቦርሳዋ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ።

ቅዳሜ ሴቶቹ እኛ ቤት ይመጣሉ። ግድግዳዬ ሊፈርስ ነው። ቡናውን እኔ እንዳፈላ ታዝዣለሁ፤ ድስትም እንዳመጣ። ወደ ንብረት ያዡ ሄድኩ። ፊቴን አይተው ደነገጡ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ግድግዳዬ» አልኳቸው።