ብርጭቆው ይንኳኳ፣ ተዉት

የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኢቫንስ ከሦስት ሰው ቡድኑ ጋር ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለው የጃዝ ክለብ፣ በታዳሚ ፊት የተቀረጸውን ቅጂ የሚያወድስ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ “ግን” ማስከተሉ አይቀርም፤ ብርጭቆው ይንኳኳል፣ ታዳሚው ያወራል፣ አንዱ ይስቃል። ኮምፒውተር ድምፅን ከድምፅ ነጥሎ በሚያወጣበት በዚህ ዘመን ጫጫታውን አጥቦ የማስወገድ ምኞት ቢነሳ አይገርምም። እኔ ግን እቃወማለሁ።

ሦስቱ ሙዚቀኞች ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በምትገኘው በዚያች ጠባብ ምድር ቤት ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጫወቱ። ፒያኖው የኢቫንስ፣ ከበሮው የፖል ሞሺያን፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ክሩ ቤዝ የስኮት ላፋሮ ነበር። በዚያን ጊዜ የቤዝ ተጫዋች ሥራ በአብዛኛው ምት እየጠበቀ ከፒያኖው ሥር መራመድ ነበር። ላፋሮ ግን ይመልሳል፣ ያቋርጣል፣ አንዳንዴም ወደ ላይኛው ድምፅ ወጥቶ ዜማውን ይቀማል። ሞሺያን ከበሮውን በብሩሽ እየዳበሰ ለሁለቱም ቦታ ይለቃል። ታዲያ ቤዙ ብቻውን ሲቀር የታዳሚው ወሬ ጎልቶ ይሰማል። ያናድዳል፣ አልክድም። ያን ድንቅ ነገር ትቶ ስለ ምን ያወራ ይሆን?

ከ11 ቀን በኋላ ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። ኢቫንስ ለወራት ከመድረክ ራቀ። ከቅጂው የወጣው የመጀመሪያው አልበም በሟቹ ሁለት ድርሰቶች ተከፍቶ የሚዘጋው፣ ስሙም ሽፋኑ ላይ ተለይቶ የተጻፈው ለዚህ ነው። ምርጫው የሐዘን ምርጫ ነው፤ ክፍሉ ግን ሐዘኑን አያውቅም። የሚስቀው ሰው እሑዱን እንደ ማንኛውም እሑድ እየኖረ ነው፤ ላፋሮም እንደዚያው። ሳቁን ብታወጡት የሚቀረው ሙሾ ብቻ ነው።

ደግሞስ ጸጥታ የፈለገ ሰው ምን ጎደለበት? እነዚሁ ሦስት ሰዎች በ1959 እና በ1961 መጀመሪያ የቀረጿቸው ሁለት ንጹሕ የስቱዲዮ አልበሞች አሉለት።

አሳታሚዎቹ ራሳቸው ከጊዜ በኋላ ወደ እኔ ሐሳብ የመጡ ይመስለኛል። በ2005 የዕለቱን ቅጂ በሦስት ሲዲ አሟልተው ሲያወጡ፣ የመጀመሪያውን ሙዚቃ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደተቋረጠ፣ ከነክፍተቱ አስገብተውታል።