የማርሽ ሽቦ ሽፋን ለፍሬን አይሆንም

«የኮርስ ሳይክል መሪ በቴፕ ከተጠቀለለ በኋላ ማን ያየዋል? የተረፈህን የማርሽ ሽቦ ሽፋን ለፍሬኑም አድርገው» የሚለውን ምክር እባካችሁ አትስሙ። ሁለቱ ሽፋኖች፣ ማለትም የማርሹና የፍሬኑ ሽቦ በውስጣቸው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች፣ ከላይ ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ጫፋቸውን ቆርጣችሁ እዩት። የፍሬኑ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ብረት ነው። የማርሹ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጫጭን ሽቦዎች ቁመቱን ተከትለው ተደርድረዋል። አንድ ላይ የያዛቸው ፕላስቲኩ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ስትይዙ ያ ፕላስቲክ ሊተረተር ይችላል። ያኔ ፍሬን የሚባል ነገር የለም! የፍሬኑ ለማርሽ ሲሆን አደጋው ያን ያህል አይደለም፤ ሽፋኑ ስለሚጨመቅ ማርሹ በትክክል አይገባም፣ ያናድዳል እንጂ አይጥልም። ሁለቱን መሪው ላይ ጎን ለጎን ማሰር ግን ምንም ችግር የለውም።